ለልጄ አስተማሪ የሰፋሁት ቀሚስ

የሰፋሁለትን ልብስ የማይለብስ ሰው አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዚያን ዓመት ጥፋቴ ከዚሁ አመሌ ስለመጣ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ በሚወጣ አንድ ክፍል ቤት፣ ግማሹን በመጋረጃ ለመኝታ ለይቼ በግማሹ ስሰፋ ኖሬአለሁ። ልፋቴን ሰው አጥፎ ሣጥን ውስጥ ሲከተው፣ መንገድ ላይ አይቶኝ ሰላምታ ነፍጎኝ ያለፈ ያህል ይከነክነኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሰው ይልቅ ለጨርቅ ታዝኛለሽ ይለኝ ነበር። በዚያ ዓመት እውነቱን ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ዛሬ ደግሞ የማን ልጅ ወድቆ እናይ ይሆን የምንልበት ጊዜ። የመጀመሪያ ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ሰፈራችን በአሰሳ ተፈተሸ። እኛ ቤት የገቡት ሰዎች መሣሪያ አምጡ ብለው ፍራሹን ቀደው ጭዱን በተኑት፤ አባቷን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት። ምንም አላገኙም፣ ሄዱ። ልጄ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔና ከአባቷ በቀር ለማንም ሰው ቃል መተንፈስ አቆመች። እንግዳ ከገባ ጭጭ ነው። ጠበል ወሰድናት፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፣ ከረሜላ ገዛን፣ ተቆጣንም። እኔማ አንድ ቀን ቆንጥጫታለሁ፤ ይኸው ዛሬም ያንገበግበኛል።

እዚያው ፒያሳ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስገባናት። ዳይሬክተሩ ገና በሁለተኛው ሳምንት አስጠርተውኝ ልጅቷ ዱዳ ከሆነች ቦታዋ እዚህ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ዱዳስ አይደለችም፣ ቤት ውስጥ ጆሮአችንን ነው የምትበላው አልኳቸው። የሚያምኑኝ አይመስሉም ነበር። አስተማሪዋ ናት ጣልቃ ገብታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለኔ ይተዉልኝ ያለቻቸው።

ወጣት ናት፤ ከኔ አራት አምስት ዓመት ብታንስ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሰው። ልጄን አንድም ቀን ተናገሪ አላለቻትም። መጀመሪያ ጠመኔ ማደልን ሥራዋ አደረገችላት፤ ቀጥሎ ሰሌዳ ማጥፋትን። ፊደል የማንበብ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ አጠገቧ በርከክ ትልና ጆሮዋን ትሰጣታለች። ለኔ ብቻ ንገሪኝ ትላታለች። ልጄ በጆሮዋ ውስጥ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ትላለች፤ አስተማሪዋ ቀና ብላ ለክፍሉ ልክ ናት፣ አንድም አልሳተች ብላ ትናገራለች። ልጆቹም አመኑ።

ጥበቡ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ ሴት በየሳምንቱ ጆሮዋን አንድ ስንዝር ታርቅ ነበር። መጀመሪያ ትከሻዋ ድረስ፣ ከዚያ ቀና ብላ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ልጄ ሳታውቀው ድምፅዋን ትንሽ ትንሽ ትጨምራለች። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ማታ ማታ ከራሷ ከልጄ አፍ ነው። "ዛሬ ቲቸር መስኮቱ ጋ ቆማ ሰማችኝ" ትለኛለች። የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ቦርሳዋን እንደ ተሸከመች እየሮጠች መጣችና "ዛሬ ቲቸር በሩ ጋ ሄደች፣ ሁሉም ሰሙኝ" አለችኝ። ከስፌት መኪናዬ ላይ ተነስቼ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጅቷ ደንግጣ እሷም አለቀሰች።

ለዚህች ሰው ምን ይደረግላታል? ባለቤቴ ለፋሲካ ዶሮ እንውሰድላት አለ። ዶሮ ተበልቶ ያልቃል አልኩት። ስኳር እንዳልል በኩፖን ነው፣ ለራሳችንም አልበቃን። መጨረሻ ላይ የማውቀውን ላድርግ ብዬ ቀሚስ ልሰፋላት ቆረጥኩ። ቀሚስ የሚያስፈልጋት መሆኑን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቢያንስ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ከየካቲት ወዲህ ልጄን ለማድረስ በሄድኩ ቁጥር ያቺው ግራጫ ጉርድ፣ ያው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሹራብ። ጉትቻዋን አውልቃለች፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ አስራለች። እኔ የሰው ልብስ እያየሁ እንጀራዬን የምበላ ሴት፣ ቸግሯት ነው ብዬ ደመደምኩ። ምስኪን፣ ቅያሪ እንኳ የላት አልኩ።

ሣጥኔ ውስጥ ከለውጡ በፊት ፒያሳ ካለ አንድ አርመን ሱቅ የገዛሁት ጨርቅ ነበረኝ፤ ቢጫ መደብ፣ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት። ለራሴ ብዬ ስንት ፋሲካ አሳልፌበታለሁ፤ መቀስ ማሳረፍ እያሳሳኝ። ለሷ ግን አልሳሳሁም። ሜትር ሳላስጠጋ፣ የልጄን ነገር እየጠየቅሁ በዓይኔ ለካኋት። ወገቡን ሰብሰብ፣ ጉርዱን ሰፋ፣ እጅጌውን እስከ ክርን አድርጌ አሳመርኩት። ሲያልቅ መጋረጃው ላይ ሰቅዬ ራሴው አደነቅሁት። እንዲህ ያለ ቀሚስ በዚያ ዓመት ፒያሳ ውስጥ አልነበረም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ፊቷ ልውጥ አለ። በጣም ያምራል አለችኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ሌላ ቀለም ጠፍቶ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ለራሴ የነፈግሁትን ጨርቅ! ይሄ ነው ያለኝ አልኳትና ጥያት ሄድኩ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ አልለበሰችውም። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ያው ግራጫ ጉርድ። ንቃኝ ነው አልኩ። ባለቤቴን በዚሁ ነገር አደነቆርኩት።

ግንቦት ውስጥ የወላጆች ቀን ሆነ። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደረደረ፣ መፈክር ተሰቀለ። የሰፈራችን ቀበሌ ሊቀ መንበር ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንደ ታጠቀ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ንግግር ተደረገ፣ ልጆቹ ዘመሩ። ከዚያ ልጄ ወጣች። ያንን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አይታ ግማሽ ገጽ የሚሆን ምንባብ ጮክ ብላ አነበበች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ዱዳ ያሏትን ልጅ እያዩ አጨበጨቡ። ዘወር ብዬ አስተማሪዋን ሳያት በዚያችው ግራጫ ጉርድ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

ደስታዬና ንዴቴ አንድ ላይ ናላዬን አዞሩት መሰለኝ። ብድግ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ልጄን አፍ የፈታችልኝ እሷ ናት፣ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ፤ ምነው መምህርት፣ ዛሬ እንኳ ለክብራችን አይለብሱትም? ንቀውት ነው?" አልኩ። እንደ ጨዋታ አድርጌ ነው ያልኩት። ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ትቶ ከሻሿ እስከ ጫማዋ በዓይኑ አወረዳት።

"ጓዲት መምህርት፣ ሰፊው ሕዝብ የሰጠሽን ልበሺ እንጂ" አላት። "ወይስ ሐዘን ላይ ነሽ?"

አስተማሪዋ ፈገግ አለች። ለዝግጅቱ ብዬ ቢሮ አስቀምጬው ነው፣ አሁን ለብሼው እመጣለሁ አለችና ገባች። ስትወጣ ቀሚሱን ለብሳለች። ሻሿንም ፈትታለች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ። ልጆቹ ጎትተው መሐላቸው አስገቧት፣ አብራቸው እያጨበጨበች ዘፈነች። ወገቡ ልክ እንደ ቆዳዋ ተቀምጦላታል። እኔ እሱን ነበር የማየው፤ ወገቡን። ሊቀ መንበሩ ሲሄድ ጠጋ ብሎ፣ ረቡዕ ረቡዕ በውይይት ክበቡም በዚሁ ቀሚስ እንጠብቅሻለን፣ ያንን ሹራብ ደግመን እንዳናይ ሲላት ሰማሁ። ያኔ ኩራቴ ሌላ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ደንበኛዬም ናቸው። ክንዴን ይዘው ከክፍሎቹ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ወሰዱኝ።

"አንቺ ሴት፣ ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠሽ?" አሉኝ። "የዚያች ልጅ ወንድም እኮ የካቲት ላይ ተገድሏል።"

ክው አልኩ። እሳቸው ከአስተማሪዋ ጋር ጉለሌ አንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ሁሉንም ያውቃሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የእናቷ ልጅ ነው፣ እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችው። ሬሳውን አልሰጧትም። አብዮት ጥበቃ ደጇ ላይ አቁመው ለጸረ አብዮተኛ አይለቀስም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ድንኳን አይተከልም አሏት። ጎረቤት ለቅሶ እንዳይደርሳት ተከለከለ። በማግስቱ ብትቀር ለምን ቀረች ይባላል ብላ ፊቷን ታጥባ ሥራ ገባች። በአባት ስም ስለማይገናኙ እዚህ ትምህርት ቤት ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ያቺ ግራጫ ጉርድና ያ ሹራብ፣ ሰው ሳይነቃባት የለበሰችው ከል ነው። ጉትቻዋ፣ ሻሿ፣ ሁሉም ሐዘን ነው።

"ሰውየው ያንን ሲጠይቃት እኔ አበቃላት ብዬ ነበር" አሉኝ። "ከዛሬ ወዲህ ግራጫውን ብትለብስ ደግሞ መጠየቋ አይቀርም፤ ከጠየቁ ያገኛሉ፤ ካገኙ ይወስዷታል። አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሻት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጄን ይዤ ቁልቁል ስሄድ ቀኑን አሰላሁ። ልጄ "ሁሉም ሰሙኝ" ብላ እየሮጠች የመጣችው የአስተማሪዋ ወንድም በተገደለ በሳምንቱ ነው። ያቺ ሴት አልቅሳ እርሟን ሳታወጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በር ላይ ቆማ ልጄን እንድትጮህ ስታለማምዳት ነበር። እኔ ደግሞ በብድሩ አበባ አልብሼ በእልልታ አስጨፈርኳት። ምላሴን በቆረጠው አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ሁለት ቀን ሥራ አልገፋ አለኝ። ቀሚሱን በካውያ አቃጥዬዋለሁ ብዬ ላስቀረው አሰብኩ፤ ያን ጊዜ ሰውየው ሌላ ይሰፋላት ይላል፣ ወይም ነገሩን ይመረምራል። ጥቁር ቀለም መንከርማ የማይታሰብ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄጄ፣ እዚያ ሰው መሐል ስለምን ይቅርታ ልበላት ብዬ ተመለስኩ። ያቺ ሴት በየረቡዑ ያንን ቢጫ ለብሳ ከሽጉጡ ፊት መቀመጥ ግዷ ነው፤ ያስገደድኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን የመጣልኝ ነገር የልብስ ሰፊ ነገር ነው። ለእናቴ አንድ ዓመት የለበስኩት ከል ሣጥኔ ታች ነበር። ሰው ከተዝካር በኋላ ለነዳያን ይሰጠዋል፤ እኔ ጨርቅ አይጣልልኝም፣ አስቀምጬዋለሁ። ልጄን፣ ቀሚሱ ብብቱ ጋ ሳይጠባቸው አይቀርም፣ እናቴ ላስተካክለው ብላለች ብለሽ ተቀብለሽ ነይ ብዬ ላክኋት። አርብ በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ መጥተው ይለኩት አልኩ።

ቀሚሱን ወገቡ ላይ ፈታሁት። የእናቴን ከል በልኩ ቆርጬ ገበር አድርጌ አስገባሁበት፤ ከአንገቱ እስከ ጉርዱ፣ እጅጌውንም ሳይቀር። ገበሩን ከታች ሁለት ጣት አሳጠርኩት፣ ደረጃ ብትወጣ እግሯን ብታጣምር እንዳይታይ። አንገቱ ጋ ጥቁሩን ወደ ውስጥ አጥፌ በእጄ ዘመዘምኩት። ስጨርስ ራሴ ለብሼ መስታወት ፊት ተቀመጥኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ዞርኩ። ከውጭ ያው ቢጫና ቀይ ነው። ገላዋን የሚነካው ሁሉ ግን ጥቁር ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሰፋሁት የለም፤ የሙሽራ እንኳ።

ማክሰኞ መጣች። ልጄን ጎረቤት ልኬአት ብቻዬን ነበርኩ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ቀሚሱን ሰጠኋት፣ መጋረጃውን ሳብኩላት፣ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። በሩን አልዘጋሁትም። ፊት ለፊት ያለው የኅብረት ሱቅ ለስኳር ሰልፍ ነበረበት፤ በቀን በሩን የዘጋ ሰው ያን ጊዜ ለወሬ ይዳረጋል። ከመጋረጃው ጀርባ ጨርቁን ስታገላብጥ ሰማሁ። ደግሞ አጠፋሁ ይሆን አልኩ።

"የማን ነው?" አለችኝ በመጨረሻ፣ እዚያው ሆና።

"ለእናቴ የለበስኩት ነው" አልኳት። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ገባሁ። ቀሚሱን ለብሳ፣ ጫፉን ወደ ላይ ገልብጣ ጥቁሩን በእጇ ይዛ ቆማለች። አንቱታውም ቀረ፣ ሁሉም ቀረና፣ "እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ" አልኳት።

በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያላት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። አልጋው ላይ ዘፍ አለች። ሻሿን አውርዳ አፏ ውስጥ ወተፈችው፤ እንዲያም ሆኖ ድምፁ እየገፋ መጣ። መጀመሪያ ማቃሰት ነበር፣ ቀጥሎ ሌላ ሆነ። ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ከሰልፈኛው የሚለየን የአንድ ሰው እርምጃ ነው። ደንግጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሮጬ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ክሩን ከመርፌው መዝዤ አወጣሁትና ምንም ጨርቅ ሳላስገባ ባዶውን እረግጠው ጀመር። አሮጌ መኪና ነው፣ ባዶውን ሲረገጥ ቤቱን ያናውጠዋል። አንገቴን ወደ መጋረጃው መልሼ "አልቅሺ" አልኳት። "እኔ እስካላቆምኩ ማንም አይሰማሽም።"

እጇን ከአፏ አነሳች። የወንድሟን ስም እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች፣ ያንን ሦስት ወር የታፈነውን አወጣችው። እኔ እረግጣለሁ። እንባዬ መኪናው ላይ ይንጠባጠባል፤ በክንዴ እየጠረግሁ እረግጣለሁ። እግሬ ዛለ፣ አላቆምኩም። ከሰልፉ ውስጥ አንዷ ጎረቤቴ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ ምነው ዛሬ ትንፋሽም አልወሰድሽ፣ ይሄን ያህል ምን ሥራ መጣብሽ ብላ ጠየቀችኝ።

"ብዙ ነው" አልኳት፣ ቀና ሳልል።